መጤ ዛፍ እንጂ መጤ ሰው የለም

ፔርሙዙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሻዩን ጠዋት ቤት አፍልቼ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አድርጌበት፣ ስኳሩን ለብቻው በፌስታል ቋጥሬ ወጣሁ። አንዷ ጓደኛዬ ድፎ ዳቦ ጠቅልላ መጥታለች፤ ሌላዋ ቆሎ ይዛለች። ሦስታችን የጉለሌን ዳገት ወጥተን፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ገብተን፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ነጠላ አንጥፈን ተቀመጥን። ከተማዋ ከበታቻችን ጭጋግ ለብሳለች።

ወሬያችን ሻይ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያወራው ነበር። የሽንኩርት ዋጋ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አከራይ። ጎፋ የምትኖረው ጓደኛዬ አከራይዋ በየስድስት ወሩ ኪራይ እንደሚጨምሩባት ነገረችን። «እኔ በሦስተኛው ወር ነው የጨመሩብኝ፤ አንቺስ ተመስገን በዪ» አለቻት ሌላዋ። ሻዩን ቀዳሁ።

በዚህ መሃል አንድ መምህር ተማሪዎቹን አስከትሎ በአጠገባችን አለፈ። በእጁ እያመለከተ «ይኼ አገር በቀል ነው፤ ያኛው ደግሞ መጤ» ይላቸዋል። ያኛው ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው በደብተራቸው ጻፉ። የጎፋዋ ጓደኛዬ ወደ አፏ ያስጠጋችውን ሻይ መለሰችው።

«ይህን ቃል ለዛፍም ትሉታላችሁ?»

ጓደኛዬ ኤርትራዊት ናት። አዲስ አበባ ከገባች ዐሥር ዓመት አልፏታል። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ፊደል መቁጠር የጀመሩት ልጆቿ አማርኛ ያርሟታል። ቃሏ ግን የትግርኛ ቅላጼ አለው። ታክሲ ውስጥም ሆነ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ከተናገረች «የት አገር ነሽ?» መባሏ አይቀርም። መጤ የሚለውን ቃል የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን በምትኖርበት ግቢ የውኃ ተራ ላይ ከተነሳ ጠብ ነው።

ድፎ ዳቦውን የጋገረችው ሁለተኛዋ ጓደኛዬ የጎንደር ልጅ ናት። ወጣትነቷን ካርቱም ጨርሳ፣ በ2015 ዓ.ም. በመተማ በኩል አንድ የእጅ ቦርሳ ይዛ ተመልሳለች። አንዷ ከአገሯ ተሰዳ እኛ ዘንድ ያለች፣ አንዷ ከእኛ ዘንድ ተሰዳ የተመለሰች፣ እኔ ደግሞ ከተወለድኩበት ከተማ ወጥቼ የማላውቅ። ከዚያ በኋላ የተጨዋወትነው ሁሉ የመጣው ከዚያች አንዲት ጥያቄ ነው፤ ይህ ጽሑፍም እንዲሁ።

ከተማዋን ከመሰደድ ያዳነ ዛፍ

መምህሩ አልተሳሳተም። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የተመሠረተው ለዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል በ705 ሔክታር መሬት ላይ የተንጣለለ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚገኙት 6,000 ገደማ የእጽዋት ዝርያዎች ከመቶው ዐሥር ያህሉ ከዚህ አገር በቀር በሌላ ምድር የማይበቅሉ ናቸው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት የነበረበት ተራራ ለመቶ ዓመት በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ቆየ። ማዕከሉ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያነሳ የቀድሞዎቹን ዛፎች ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይስባል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንዲበቅል እምብዛም ዕድል አይሰጥም። ስለዚህ ከእጽዋት ባለሙያ አፍ ሲወጣ «አገር በቀል» እና «መጤ» ሥራ ያላቸው ትክክለኛ ቃላት ናቸው። የጣናን ውኃ የሸፈነው እንቦጭ መጤ ነው፤ ይህን ማወቅ ሐይቁን ለማዳን ይጠቅማል።

ግን ስለ ባሕር ዛፍ ሌላ ታሪክም አለ፤ ለጓደኞቼ የነገርኳቸው እሱን ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በዐሥራ ጥቂት ዓመት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። የማገዶ እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ነቅለው በስተምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለመውሰድ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያስቀራት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው፣ ሲቆርጡት ደግሞ የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ነው። ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለቱ ነው። የእኛ አያቶች ቤት ማገርና ወጋግራ፣ የእንጀራ ምጣዳቸው ማገዶ፣ ዛሬም የእንጦጦ እናቶች ጀርባቸው እስኪጎብጥ የሚሸከሙት ጭነት እሱ ነው።

መጤው ዛፍ ከተማዋን ከመሰደድ አዳናት። ይህን የምለው ማዕከሉ ባሕር ዛፉን ማንሳቱን ለመቃወም አይደለም፤ ተራራው የጽዱና የኮሶው ነው፤ ይመለስላቸው። የምለው ሌላ ነው። ዛፍ መጥቶ መሬቱን ሊያደርቅ ይችላል፤ ሰው ግን ከመጣበት ምድር ጋር ይነጋገራል፣ ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ይቀብራል። የአንድን ተክል ጠባይ ለማወቅ የሚጠቅም ቃል ወደ ሰው ሲሻገር እውቀት መሆኑ ይቀርና መባረሪያ ይሆናል። የቃሉ ቦታ ከዚህ አጥር ውስጥ ነው።

ካርቱም ላይ ሻይ የቀዳች

«እኔ ሻይ ስጠጣ ሰው ይስቃል» አለች የጎንደሯ ጓደኛዬ። «እየቀመስኩ ዋጋ አወጣለሁ።» ካርቱም ውስጥ የኖረችው ሻይ እየሸጠች ነው።

ሱዳኖች «ሲት አሽ ሻይ» ይሏታል፤ የሻይዋ እመቤት ማለት ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከመሥሪያ ቤት በር አጠገብ የከሰል ምድጃዋን ታቀጣጥላለች፤ በፊቷ የሻይ ቅጠል፣ ነዕናዕ፣ ዝንጅብል፣ ከርከዴና ቡና በብርጭቆ ዕቃ ተደርድሯል፤ ደንበኞቿ በአጫጭር የተጠለፉ በርጩማዎች ላይ ይቀመጣሉ። በካርቱምና በኦምዱርማን ጎዳናዎች ይህን ሥራ የሚሠሩት ከዳርፉር፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ የተፈናቀሉ ሴቶች፣ ከእነሱም ጎን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። መነሻ ገንዘብ የሌላት፣ መታወቂያ የሌላት፣ ቀጣሪ የማያምናት ሴት ሁሉ የምትጀምረው ከሻይ ነው። ከእነሱ አንዷ የነበረችው አዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ የሻይ ሻጮችን ማኅበር አደራጅታ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ተቀብላለች። ዓለም የሚያውቀው ሽልማቱን ነው፤ ሻይ ሻጮቹ የሚያውቁት ደግሞ «ከሻ»ን ነው። ከሻ ማለት የፖሊስ አፈሳ ነው። የጭነት መኪና ይመጣል፤ ምድጃው፣ ማንቆርቆሪያው፣ በርጩማው ይጫናል። ዕቃውን ለማስመለስ ቅጣት ይከፈላል። ጓደኛዬ ሰባት ጊዜ እንደተወሰደባት ቆጥራ ታውቃለች።

«ምን ይሉሻል ሲወስዱብሽ?» አልኳት።

«ሐበሻ፣ አገርሽ ግቢ።»

የጎፋዋ ጓደኛችን አንገቷን ነቀነቀች። ሁለቱ በተለያየ ከተማ፣ በተለያየ ቋንቋ የሰሙት ቃል አንድ ነበር። እኔ አንዱን ወገን ብቻ ነበር የማውቀው፤ የራሴን ከተማ ልጆች ውጭ አገር ሲሰደቡ እሰማና እናደዳለሁ፤ እዚሁ ጎረቤቴ የምትሰማውን ግን ጆሮዬ አልያዘውም ነበር።

ኢትዮጵያውያን ለስደት አዲስ አይደለንም። በጣልያን ወረራ ጊዜ ብዙ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ወደ ኬንያና ወደ ሱዳን ተሻግረዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ በስደት ኖረዋል። በደርግ ዘመን በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የምሥራቅ ሱዳንን ካምፖች ሞልተው ነበር። ከእነዚያ ካምፖች አንዱ ኡም ራኩባ ነው፤ በ1977ቱ ረኃብ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ፣ ተዘግቶ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ኢትዮጵያውያን ዳግም ተከፈተ። እናት የተጠለለችበት ካምፕ ልጅን ሲቀበል ታሪክ ራሱን ደገመ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጀመረችው አፈሳ በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ዜጎቻችን በአውሮፕላን ተጭነው ተመልሰዋል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ የተገደሉት ወጣቶች ሐዘን አዲስ አበባን በሰልፍና በለቅሶ አናውጧታል። በቤቱ የተሰደደ ሰው የሌለበት ኢትዮጵያዊ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

መተማ፣ ሚያዝያ 2015

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተታኮሱ። ጓደኛዬ ያን ዕለት ምድጃዋን አላቀጣጠለችም፤ ከዚያ ወዲህም አላየችውም። በደይም ሰፈር፣ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር በተከራየችው ቤት፣ ውኃና መብራት ሳይኖር ቀናት አሳልፋ፣ ባላት ገንዘብ ሁሉ የአውቶቡስ ቦታ ገዝታ ገዳሪፍ ደረሰች፤ ከዚያ ጋላባት፤ ከዚያ ድልድዩን ተሻግራ መተማ።

መተማ ላይ በእነዚያ ሳምንታት የተሰለፈው ሕዝብ የዓለም ካርታ ይመስል ነበር። ሱዳናውያን አሉ። ትናንት ሱዳን ውስጥ ስደተኛ የነበሩ ኤርትራውያንና ደቡብ ሱዳናውያን አሉ። የቱርክና የሌሎች ሩቅ አገሮች ፓስፖርት የያዙም አሉ። ብዙዎቹ ደግሞ እንደ እሷ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጓደኛዬ ድልድዩን ስትሻገር ተመላሽ ሆነች፤ አብራት በአውቶቡሱ የመጣችው ሱዳናዊት ደንበኛዋ ደግሞ በዚያው ድልድይ ላይ ስደተኛ ሆነች። ሻይ ቀጂና ሻይ ጠጪ ቦታ ተለዋወጡ። «እሷ ለእኔ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም» አለች ጓደኛዬ። «አሁን ምን ትላት ይሆን አገሬ እያልኩ አስባለሁ።»

አገራችን ለሱዳናዊቷ ያደረገችላትን እንናገር። ድንበሩ አልተዘጋባትም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በምዕራብ ጎንደር የኩመርና የአውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ፤ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ለመጡት ኡራ ተዘጋጀ። ነገር ግን በአማራ ክልል በዚያው ክረምት ግጭት ተቀሰቀሰ። ኩመርና አውላላ በታጣቂዎች ዘረፋና እገታ ተናወጡ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ 1,000 የሚያህሉ ሱዳናውያን «ደህንነታችን አልተጠበቀም» ብለው መጠለያውን ጥለው በእግራቸው ወጡ፤ በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ በላስቲክ ሥር ለወራት ቆዩ። በኋላ መጠለያዎቹ ተዘግተው አፍጢት ወደሚባል ሌላ ቦታ ስደተኞችን ማዛወር ተጀመረ። ከአንድ ጦርነት የሸሸ ሰው በሌላ ጦርነት መሃል ድንኳን ተተከለለት። አስተናጋጁ ራሱ ሰላም ሲያጣ እንግዳው የት ይግባ?

የወረቀት ኑሮ

የጎፋዋ ጓደኛዬ መንገድ ሌላ ነው። ድንበሩን በሌሊት ተሻግራ እንዳባጉና ላይ ተመዘገበች፤ ከዚያ ማይ ጸብሪ አጠገብ ወደሚገኘው አዲ ሐሩሽ ካምፕ ተላከች። ያኔ በትግራይ አራት የኤርትራውያን ካምፖች ነበሩ፤ ሽመልባ፣ ማይ ዓይኒ፣ አዲ ሐሩሽና ሕጻጽ። እሷ ዕድለኛ ነበረች። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ኤርትራውያን ራሳቸውን መቻል ከቻሉ ወይም የሚረዳቸው ዘመድ ካላቸው ከካምፕ ውጪ እንዲኖሩ ፈቅዶ ስለነበር፣ የአክስቷ ልጅ ዋስ ሆነላት፤ አዲስ አበባ ገባች። ዋስ ያለው ሰው ራሱን ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ የራሽን እርዳታ አያገኝም።

ካምፕ የቀሩት ጓደኞቿ ዕጣ ሌላ ሆነ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሲነሳ ሽመልባና ሕጻጽ ወደሙ፤ ነዋሪዎቻቸው ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ በግድ ወደ ሸሹት አገር ተወሰዱ። ማይ ዓይኒና አዲ ሐሩሽ በ2013 ክረምት በውጊያ መሃል ተከበቡ። ቆይቶ በሰሜን ጎንደር ዳባት አጠገብ ዓለም ዋጭ የሚባል መጠለያ ተከፍቶ ብዙዎቹ ወደዚያ ሄዱ። እሷ በዚያ ዘመን አውቶቡስ ላይ አፏን እንደማትከፍት ነግራናለች። «ቲኬት ቆራጩ ሲጠይቀኝ በጣቴ ነበር የማሳየው። ከአስመራ ነኝ ብል አንድ ነገር፣ ትግራዋይ ናት ቢሉኝ ሌላ ነገር።»

አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖረው በአንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ ይታደሳል፤ እስኪታደስ ትጨነቃለች። ከእሷ በኋላ የመጡት ያን ወረቀት እንኳ አላገኙም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራዊ መሆን ብቻውን ስደተኛ የሚያሰኝ መሆኑ ቀረ፤ በዋና ከተማዋ የአዲስ መጪዎች ምዝገባ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሳይመዘገብ የኖረ ሰው ፖሊስ ሲይዘው የሚያሳየው ነገር የለውም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ከኢትዮጵያ በግዳጅ ተመልሰዋል ብለው ወቅሰዋል። ይህን ሳነብ የታሰበኝ ጎረቤቷ ነው፤ ልጅ ያላት፣ ያልተመዘገበች፣ ገበያ የምትወጣው ሲመሽ ብቻ የሆነ ሴት።

የጳጉሜን 5 ቃል ኪዳን

እዚህ ላይ ስለ ሕግ ማውራት ግድ ይላል፤ ሕጉ የእኛ ነውና። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞችን ጉዳይ የሚገዛውን ስምምነት ያጸደቀው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ሕዝቡ ለአደይ አበባና ለእንግጫ ሲዘጋጅ፣ የአፍሪካ መሪዎች እዚህ ተሰብስበው ስደተኛ ማለት ለብቻው የሚታደነው ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በወረራ፣ በባዕድ አገዛዝ ወይም ሥርዓትን በሚያናጋ ቀውስ ምክንያት ቀዬውን ጥሎ የሸሸ ሁሉ ነው ብለው ፈረሙ። እ.ኤ.አ. ከ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት የሰፋ ትርጉም ነበር። ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብዓዊ ድርጊት እንጂ በጎረቤት አገር ላይ የጠብ ምልክት እንዳልሆነም ጻፉበት። ስምምነቱ ሰኔ 13 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የአፍሪካ የስደተኞች ቀን፣ በኋላም የዓለም የስደተኞች ቀን የሚከበረው በዚያ ቀን ነው። በየዓመቱ ሰኔ 13 ዓለም ሲያስበው የሚውለው ቀን ሥሩ እዚሁ ከተማ ነው።

ኢትዮጵያ ያንን ቃል በራሷ ሕግ አጠንክራለች። በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአህጉሩ ካሉት ለስደተኛ ለጋስ ከሆኑ ሕጎች መካከል ይቆጠራል። መሥራት፣ መንቀሳቀስ፣ መማር፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ ልደትና ጋብቻ ማስመዝገብ በአዋጁ ውስጥ አሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ስደተኞች ፋይዳ የዲጂታል መታወቂያ ማግኘት ጀመሩ። ጓደኛዬ በስሟ ሲም ካርድ ለማውጣት ለዓመታት ሰው ስትለምን ኖራለች፤ ስለዚህ ለእሷ ይህ ትንሽ ዜና አይደለም። ነገር ግን አዋጅና ቢሮ አንድ አይደሉም። የሥራ ፈቃድ አግኝተው በደመወዝ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ቀጣሪው ሕጉን አያውቅም፤ ወረዳው መመሪያ አልደረሰኝም ይላል፤ ስደተኛው ደግሞ ጠይቆ ከመጣላት ሳይጠይቅ መኖርን ይመርጣል። የጓደኛዬ ሙያ ሒሳብ ያዥነት ነው፤ የምትተዳደረው በፀጉር ሥራ ነው።

ስንት ሰው ነው የምናወራለት? ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። በብዛት የመጡት ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን ነው። በጋምቤላ ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ንጉኝየል፤ በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ አጠገብ ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለዌይን፣ ቡራሚኖ፤ አብዛኛው አዲስ አበቤ ስማቸውን ሰምቶ አያውቅም። በልጅነታቸው ወደ እነዚህ ካምፖች የገቡ ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በእርዳታ እህል ስርቆት ምክንያት ለስደተኞች ይታደል የነበረው ምግብ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ነበር፤ የቀጠለው በ2016 መግቢያ ላይ ነው። በሌሎች ዓመታትም ለጋሾች ገንዘብ ሲቀንሱ ራሽኑ ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ በግዳጅ የተፈናቀለው ሕዝብ 123 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከስደተኞች ውስጥ ከመቶው ሰባ ያህሉን የያዙት ደግሞ ድሃና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ናቸው። በሩን የከፈተው ድሃው ነው። ለከፈተው በር ድርሻውን የሚከፍልለት ሲያጣ ግን በሩ መጥበቡ አይቀርም፤ ባለጠጋው ዓለም ይህን ሊሰማው ይገባል።

አርባ ልጆች

ለጓደኞቼ ሌላም ነገር ነገርኳቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ደረሱ። እዚያ የአርመን ገዳም ውስጥ፣ ከኦቶማን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሙዚቃ ሲጫወቱ አገኙ። አርባ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም አብሯቸው መጣ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው። የአገሪቱን የመጀመሪያ መዝሙር ዜማ የደረሰው ናልባንዲያን ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቴአትር ቤቶቻችን የዘመናዊ ሙዚቃን መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆነ።

ኢትዮጵያውያን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ባንዲራ ሲሰቀል ቀጥ ብለው የቆሙለት ዜማ ስደተኛ የሠራው ነበር። ነጋሽ ላይ ደግሞ ከመካ ተሰደው የመጡ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ተጠልለው እንደኖሩ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያስተምራል። እነዚህን ታሪኮች በየበዓሉ እንናገራለን፤ በኩራት። ኩራቱ እውነት የሚሆነው ግን የጎፋ አከራይ፣ የወረዳ ጸሐፊና የታክሲ ረዳት ሲደግሙት ነው። እንግዳ መቀበል የንጉሥ ሥራ ብቻ ከሆነ ለእኛ የሚቀረን ወሬው ነው።

ቃሉ ወደ ቤት ሲመለስ

የጎንደሯ ጓደኛዬ ዝም ብላ ቆይታ «መጤ የሚባለው ስደተኛ ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ሁላችንም መልሱን እናውቃለን። ይህ ቃል ድንበር ተሻግሮ የመጣን ሰው ከመንካቱ በፊት የአንድ አገር ልጆችን ለያይቷል። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የሄደ ገበሬ፣ ለሠላሳ ዓመት ያረሰበት ቦታ ላይ «መጤ» ተብሎ በአንድ ሌሊት ተነስቷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በግጭት ምክንያት ከየትኛውም የዓለም አገር ይበልጥ አዲስ ተፈናቃይ የተመዘገበው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፤ 2.9 ሚሊዮን። ከዚያ ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት፣ በወለጋ፣ በአማራ ክልል፣ በሌሎችም ቦታዎች የተነቀለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ድንበር ሲሻገሩ «ስደተኛ»፣ ሳይሻገሩ ሲቀሩ «ተፈናቃይ» ይባላሉ። የዋሉበት ሜዳና ያደሩበት ትምህርት ቤት ግን አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ የኤርትራዊቷ ጓደኛዬ ጉዳይ የእሷ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ዛሬ በጎፋ የውኃ ተራ ላይ እሷን መጤ የሚላት አንደበት ነገ የሚለየው ሌላ ሰው አያጣም። እኔ ራሴ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ስል አያቴ ከየት እንደመጡ የሚቆጥርልኝ ይገኛል።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ ሩቅ አይደለም። አዋጁ ተጽፏል፤ ይፈጸም። የቆመው ምዝገባ ይከፈት፤ ወረቀት የሌለው ሰው ከሌባም ከፖሊስም እኩል ይሸሻልና። የሥራ ፈቃዱ ከአዋጅ ገጽ ወጥቶ በወረዳ መስኮት ይታይ። ሒሳብ ያዥ የሆነች ሴት ሒሳብ ትያዝ፤ ግብሯንም ትክፈል። በድንበር ያሉ ወረዳዎች እንግዳ ሲበዛባቸው ውኃቸውና ጤና ጣቢያቸው አብሮ ይስፋ፤ የመተማ ገበሬ ውኃውን ከስደተኛ ጋር ሲካፈል ብቻውን እንዳይተው። የቀረው የእኛ የነዋሪዎች ነው። አከራይ ለስደተኛ የተለየ ዋጋ አይቁረጥ። መምህር ልጆችን ወደዚህ ተራራ ሲያመጣ አገር በቀልና መጤ ዛፍ ማለቱን አይተው፤ ግን ቃሉ እዚህ እንደሚቀር አብሮ ይንገራቸው።

ፔርሙዙ ባዶ ሆነ። ቀኑ ሲበርድ ዕቃችንን ሰብስበን ቁልቁል ጀመርን። ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ጭነታቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ቆመው ነበር። ሰላም አልናቸው። የተረፈውን ዳቦ ቆርሰን ሰጠናቸው፤ መረቁን።

«ከየት መጣችሁ ልጆቼ?» አሉ።

እኔና የጎንደሯ ዝም አልን። ይህ ጥያቄ ለሦስታችን እኩል እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። የጎፋዋ ጓደኛዬ ጥቂት ቆይታ መለሰች።

«ከጎፋ፣ እማማ።»

«እንዴ፣ ሩቅ ነው! ሳይመሽባችሁ ግቡ» አሉና ጭነቱን እንድናነሳላቸው ጀርባቸውን ሰጡን። ሦስታችን ተጋግዘን አሸከምናቸው።